ለጥቁሮች የተፈቀደችው አንዲት ቦታ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ወይጦ ታንኳው ላይ ተቀምጦ ሲቀዝፍ ያየ የባሕር ዳር ሰው ዞር ብሎ ሁለተኛ አያይም። እናቴ የታንኳ መሥሪያ ደንገል የምታቀብለኝ መስላ ስንቄን አቀበለችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይነቃብን ነበር።

የወጣሁት እኩል ስለሆንሁ ነው። አትሳቁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌያችን ካድሬ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር መድረክ ላይ እያቆመኝ፣ ይህ ጭቁን ወገናችን ከዛሬ ጀምሮ ከማንም እኩል ነው ይል ነበር። ሰው ያጨበጭባል። ስብሰባው ሲያልቅ ውኃ ስለምን፣ ያችው ስታጨበጭብ የነበረችው ሴትዮ ጣሳዋን እንዳልነካባት ከፍ አድርጋ በእፍኜ ታፈስልኛለች። እኛ ወይጦዎች ሐይቁ ዳር ተወልደን፣ ታንኳ ሠርተን፣ የወፍጮ ድንጋይ ጠርበን ለከተማው የምንሸጥ ሰዎች ነን፤ አያቶቻችን ጉማሬ በሉ ተብሎ ግን ዕቃ አንነካም። ከዚያ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ሰው አምጣ ተባለ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜ ከሁሉ ፊት ተጠራ፤ እንድሪስ ተብሎ።

የደቅን ደሴት በግራ ትቼ ሐይቁን ተሻገርሁ። ታንኳዬን ለአንድ ዓሣ አስጋሪ ሰጥቼ፣ በመተማ በኩል በእግሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ። የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አዱኛን አገኘሁት። አዱኛ የዘጌ መሪጌታ ልጅ ነው፤ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ይወጣዋል፣ እንግሊዝኛም ተምሯል። አንድ ድንኳን ሰጡን። ያገሬ ልጅ ብሎ አቅፎኝ አለቀሰ። የማን ወገን እንደሆንሁ ያወቀ ቀን ግን ጾም ያዘ። እኔ ባበሰልሁ ቁጥር ጾም ነው። ፋሲካ አልፎ፣ ክርስቲያን ሁሉ ረቡዕና ዓርብን በሚበላበት ሰሞን እንኳ የአዱኛ ጾም አልተፈታም። የማበስለው ደግሞ ምስር ነበር።

ካናዳ አብረን ተላክን። የከተማውን ስም አልጠራም፤ ትልቅ ሐይቅ ዳር ያለ ነው። ሐይቁን ያየሁ ዕለት ከጣና ጋር የተገናኘሁ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ ቀርቤ ሳሸተው ግን ምንም ምንም አይልም፣ ደንገልም ጭቃም አይሸትም። ክረምቱ ሲገባ ዳር ዳሩ በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ውኃ ላይ በእግር መሄድ የአዱኛ ቅዱሳን ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ሕፃን ሁሉ ይሄድበታል። ዓሣውን ራሱን ቆርጠው፣ አጥንቱን አውጥተው፣ በላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚሸጡት፤ ዓሣ ይሁን ሳሙና አይታወቅም።

ቤት ፍለጋ ወጣን። አንድ መስኮት ላይ «የሚከራይ ክፍል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ አየንና፣ «ሶሪ፣ ተይዟል» አለ።

«ወረቀቱ ግን አለ» አለ አዱኛ።

«መንቀሉን ረስቼ ነው።»

በማግስቱ ብናልፍ ወረቀቱ እዚያው ነው፤ እንዲያውም አዲስ ተለውጧል። አዱኛ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እኔን?» አለ፤ «የመሪጌታ ልጅ እኔን ተጸየፈኝ?» እኔ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስሁ።

ያን ጊዜ ነው ከማኅበሩ ጋር የተዋወቅነው። ለጥቁሮች እኩልነት የቆመ ማኅበር ነው፤ ሰብሳቢዋ ሚስስ ክላራ ይባላሉ፣ ከጃማይካ የመጡ ነርስ ናቸው። ሐቁን ልናገር፣ ሰውዬው ደጃፍ ላይ በብርድ ተሰልፈው ያችን ክፍል ያስከፈቱልን እነሱ ናቸው። ከዚያ ወደ ሥራው ዞሩ። ፌሪ የሚሉት ትልቅ ጀልባ ሰውን ከከተማው ወደ ደሴቶቹ ያመላልሳል፤ ከሠራተኞቹ አንድም ጥቁር የለበትም። እኔ ሌላ ሥራ አልመኝም ነበር። ያ ጀልባ ጡሩምባውን ሲነፋ እጄ መቅዘፊያ ይፈልጋል። አስቀድሜ ብቻዬን ሄጄ ጠይቄም ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ካናዲያን ኤክስፒሪያንስ አለህ?» አለኝ፤ የካናዳ የሥራ ልምድ ማለቱ ነው።

«ውኃ ላይ ነው ያደግሁት» አልሁት፣ ባለችኝ እንግሊዝኛ።

«የካናዳ ውኃ ላይ?»

ውኃም ፓስፖርት እንዳለው የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

ማኅበሩ የሚታገልለትን ነገር አፈርማቲቭ አክሽን ይሉታል። ለተገፋ ሰው ከሥራው ድርሻ ይቆረጥለት ማለት ነው። የጀልባውን አለቆች ስብሰባ ጠሯቸው፤ እኔ እንድመሰክር፣ አዱኛ እንዲያስተረጉም ተወሰነ። ጧት ኮቱን እየለበሰ፣ ያገራችንን ጉድ እንዳታወጣ፣ ነጮቹ ያደረጉንን ብቻ ተናገር አለኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሚስስ ክላራ እዚህ ከመምጣቴ በፊት እንዲህ ያለ ንቀት አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አውቃለሁ ብዬ የእፍኙን ውኃ ነገር አንድ በአንድ ተናገርሁ። አዱኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ባገራችን ሁላችንም ከአንድ ኩባያ ነበር የምንጠጣው ብሎ ተረጎመው። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ አንድንና ኩባያን ግን አውቃለሁ። ደሜ ፈላ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውኃ ጆግ አንሥቼ አስያዝሁትና ሁለት እጄን አጋጥሜ ዘረጋሁ።

«አፍስስልኝ» አልሁት።

ብርጭቆዎቹ እኮ አጠገቡ ተደርድረዋል። እጁ ግን ከልጅነቱ የለመደውን ሠራ። ጆጉን ከፍ አድርጎ፣ ጣቱ ጣቴን ሳይነካ አፈሰሰልኝ። ጠጣሁ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሬ፣ ባሕር ዳር እንዲህ ነው አልሁ።

ከጀልባው አለቆች አንዱ ፈገግ አለ። እርስ በርሳቸውም እንዲህ ከሆኑ እኛ ምን አጠፋን የሚል ፈገግታ ነበር። ስብሰባው ሲበተን ሚስስ ክላራ ሁለታችንን ጥግ ወሰዱን። እናታቸው ሰው ቤት ሲያገለግሉ ለብቻቸው የተለየች ኩባያ እንደነበረቻቸው ነገሩኝ፤ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ቀጥለው ያሉትን አዱኛ መሬት መሬት እያየ፣ በዚህስ ሳይዋሽ ተረጎመው።

«ታሪክህ እውነት ነው። ለትግላችን ግን አይመችም።»

መሥሪያ ቤቱ ለጥቁሮች አንዲት ቦታ ፈቀደ፤ ማኅበሩ ሰው ያቅርብ አለ። ማኅበሩም አቀረበ፣ አዱኛን። ራሱ እንደነገረኝ ታንኳ ላይ ሳያማትብ ወጥቶ የማያውቀውን፣ ጣና ትንሽ ሲናወጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚማጸነውን አዱኛን! ተናደድሁ፤ እስካሁንም ንዴቴ አልወጣልኝም። ካድሬው ለመድረክ ፈልጎኝ ነበር፣ እነሱም ለመድረክ ነው የፈለጉኝ። እኔ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጣቢ ሆንሁ። ሰው የሚበላበትን የሚጠጣበትን ዕቃ ሁሉ በእጄ እነካለሁ፤ ማንም ምንም አይለኝም።

በዕረፍቴ ቀን ከፍዬ ፌሪው ላይ እሳፈራለሁ። ባለፈው ነፋሱ አይሎ ነበር። አዱኛ ያን ያማረ ዩኒፎርሙን ለብሶ የብረት አጥሩን ተደግፎ ያስመልሳል። ቀና ሲል አየኝ፤ በእጄ የያዝሁትን የውኃ ጠርሙስም አየ። ሁለት እጁን አጋጥሞ ዘረጋልኝ።

አላፈሰስሁለትም። ጠርሙሱን እጁ ላይ አኖርሁት። ብዙ ካየው በኋላ የጠርሙሱን አፍ በእጅጌው ጠርጎ ጠጣ።

በዚያው ሰሞን እናቴን ባሕር ዳር ቴሌ አስጠርቼ በስልክ አገኘኋት። ስለ ፖለቲካ አይወራ፣ ሰሚ አለ። ይህንኑ የጠርሙሱን ነገር አጫወትኋት።

«ጠረገው?» አለች።

«ጠረገው፣ እማየ።»

«ሲመልስልህ አንተስ ጠጣህበት?»

«ጠጣሁ።»

«ሳትጠርገው?»

እናቴን ዋሽቻት አላውቅም። «ጠረግሁት» አልሁ።

ሳቀች። ከአገር ከወጣሁ ሳቋን ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «በል እንግዲህ፣ አሁን እኩል ሆናችኋል» አለች።

ሳቋ ሳያልቅ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። እኔ ልጠይቃት የፈለግሁት ሌላ ነበር። ገበያ ስትውል ውኃ ሲጠማት፣ ዛሬም በእፍኟ ነው የሚያፈሱላት?