ቀለሙ ያልደረቀ የሻንሲ ቁጥር

ዛሬ ጠዋት ጭድ ተራ ሞተር ልገዛ ከአንድ ሰውዬ ጋር እየተነጋገርኩ ሳለ፣ "ስልክ ላናግር" ብሎኝ ዞር አለ። በዚያው ቀረ። ሞተሩንና ሊብሬውን ግን እኛው ጋ ትቶ ነው የሄደው።

ለበርበሬ በረንዳ ደንበኞቼ ዕቃ የማደርስበት ሞተር ስፈልግ ነበር። የሱ ደግሞ ሁሉም ነገር አለው፤ ሊብሬ፣ ታርጋ፣ የዘንድሮ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን።

(መርካቶ ውስጥ ወረቀቱ እንዲህ ተሟልቶ ያየሁት ሞተር ስለሌለ መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።)

አብረውኝ የመጡት የሱቅ ጎረቤቴ ጋሼ ከድር ጎንበስ ብለው ብረቱ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ዳሰሱት። ቀለሙ ጣታቸው ላይ ቀረ።

"ይሄ መቼ ነው የተቀባው?" አሉት።

"እንዳይዝግ ብዬ ነው ጋሼ።"

"ጥሩ። እንግዲያው መድን ድርጅቱ ጋ አብረን እንሂድና ቁጥሩን ያመሳክሩልን።"

ስልክ የመጣለት ይሄኔ ነው። እኔ ሲጠራ አልሰማሁም።

ጠብቀን ጠብቀን ሲቀር ሞተሩን እየገፋን ፖሊስ ጣቢያ ወሰድነው። ፖሊሱ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ፈልጎ ደወለለት። ሰውየው ግራ ገብቶት፣ "የኔ ሞተር እኮ ደጄ ቆሟል፣ እያየሁት ነው" አለ። ለካ ወረቀቱ የሱ ሞተር ቅጂ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩም ከዚያ ጋር እንዲገጥም ተቀይሮ ነው ቀለም የተቀባው።

ገዝቼው ሰው ብገጭበት ኖሮ መድኑ ማንን ይክስ ነበር? ቀኑን ሙሉ የማስበው ይሄንን ነው።

እናንተስ ወረቀቱ ሙሉ፣ ንብረቱ ግን የሌላ ሰው የሆነ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? በምን ነቃችሁ?

ደግሞ ሞተር የጠፋበት የምታውቁት ሰው ካለ ንገሩት። ጣቢያ የቆመው ሞተር የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።