የአባባ ደበሌ ጭራሮ

ልጅ ሳለሁ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከቀበና ወንዝ በላይ ባለው ሰፈራችን፣ ተረት ለመስማት ባዶ እጅ አይኬድም ነበር። የባሕር ዛፉ ዘበኛ አባባ ደበሌ ሲመሻሽ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ እሳት ያነዳሉ፤ እኛ ልጆች ያመጣነውን አንድ አንድ እቅፍ ጭራሮ በየተራ እንጨምራለን። እሳቱ እስካለ ተረቱ አለ፤ ፍም ብቻ ሲቀር «በሉ ወደየቤታችሁ» እንባላለን። ያኔ ለእኔ ያረጁ የጃጁ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሁን ሳስበው ግን ሃምሳም የሞላቸው አይመስለኝም።

ደጋግመን የምናስነግራቸው የአንዲትን ልጅ ነገር ነው። ጣሊያን በነበረበት ጊዜ የአርበኞችን ደብዳቤ በእንጨት ሸክሟ ውስጥ ደብቃ ከጫካው ወደ ከተማ ትወርዳለች። ቀበና መሻገሪያው ላይ ወታደሮች «አውርጂ!» ይሏታል። ልክ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ጭራሮው ያልቃል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ከጎጆው ውስጥ የኩራዟ ብርሃን ብቻ እየታየን፣ ልጅቷን ወንዙ ዳር አቁመናት እንሄዳለን።

አንድ ቀን ግን እናቴ ሾላ ገበያ ልትሸጠው ያሰረችውን እንጨት እንዳለ ተሸክሜ ሄድኩ። እሳቱ አልጠፋ አለ። አባባ ደበሌ እሳቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ተረቱን ጨረሱት። ልጅቷ አወረደች። ሸክሟን ፈቱት፤ ደብዳቤው ተገኘ፤ ወሰዷት፤ አልተመለሰችም።

«ከኋላ ሆኖ እንዲጠብቃት የተላከ ወንድም ነበራት» አሉ። «ዛፍ ሥር ተደብቆ ዝም አለ። እኔ ነኝ።»

እናቴ ለእንጨቷ ገረፈችኝ፤ እሱን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት በማግስቱ ያደረግሁትን ነው። ምላሴ ያኔም ስለት ነበር፤ ልጆቹን ሰብስቤ «እህታቸውን አስይዘው የተደበቁ ፈሪ ናቸው፤ ለፈሪ ማን ጭራሮ ይለቅማል!» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሄደም። ጥቂት ቀን ራሳቸው ለቅመው አነደዱ፣ ኋላ ተዉት። አንድ ማታ በደጃፋቸው ሳልፍ «ጭራሮ የለሽም፣ ልጄ?» አሉኝ። እቅፌ ሙሉ ነበር። «የለኝም» ብዬ አለፍኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ የሜሮን ክፍል ለልጆች የተጻፈ የታሪክ ልብ ወለድ ያነብባል። እዚያም ልጅ አለች፣ ሸክም አለ፣ ወንዝ አለ፤ የመጽሐፉ ልጅ ግን ትሻገራለች። አስተማሪዋ «እንድትሻገር የረዳት ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሜሮን ከእኔ የሰማችውን «ማንም አልረዳትም፤ አልተሻገረችም» ብላ ጻፈች። በቀይ ተሰረዘባት። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ብሆንም የትምህርት ቤት በር አያስፈራኝም።

«እማማ፣ የእርስዎ ታሪክ ደስ ይላል፤ ግን መጽሐፉ ላይ የለም» አለችኝ አስተማሪዋ።

«መጽሐፍሽን የጻፈው ሰው እንጨት ተሸክሞ ቀበናን ተሻግሮ ያውቃል?»

ትቆጣለች ስል ሳቀች። «እሺ፣ ይግቡና ራስዎ ይንገሯቸው።»

ነገርኳቸው። ለሜሮን ነግሬያት የማላውቀውን የልጅቷን ወንድም ነገር ሳይቀር ነገርኳቸው። ሜሮን አገጯን ቀና አድርጋ፣ «የኔ አያት ናት» በሚል ዓይን ጓደኞቿን ታያለች። ፊት የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ ልጅ እጇን አወጣች።

«ወንድሟንስ ከዚያ በኋላ ማን አጫወተው?»

ሁላችንም ብል ማን ያውቅብኛል? ያን ጊዜ ከነበሩት ልጆች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሜሮንን አየኋት።

«መጨረሻውን እስክንሰማ ሁላችንም» አልኩ። «ከዚያ በኋላ ማንም። ልጆቹን ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ። ጭራሮ ይዤ የለኝም አልኳቸው።»

ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ሲል ሁሉም ሳቁ። ሜሮን ብቻ አንገቷን ደፋች።

ወደ ቤት ስንወጣ «ይቅርታ አልጠየቅሻቸውም?» አለችኝ።

«ሞቱ አልኩሽ እኮ።»

«ከመሞታቸው በፊት ነው ያልኩሽ።»

እንባ ይመጣ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ብዙ ተቀምጠሽበት እንደደነዘዘ እግር ነው፤ የራሴ መሆኑን አውቃለሁ እንጂ አይሰማኝም። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ በየዓመቱ፣ በየክፍሉ ትሻገራለች፤ ትሻገር፣ አልቀናባትም።

የምናበስለው በኤሌክትሪክ ነው። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልቁለቱን ስወርድ የወደቀ ጭራሮ ካየሁ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ ጎንበስ ብዬ አነሳለሁ። ከቤቱ ጀርባ ግድግዳው ሥር አስቀምጠዋለሁ። ትናንት ሳየው አንድ እቅፍ ሞልቷል።

የአባባ ደበሌ ጎጆ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል።