አንድ ሳጥን ብረትና አንድ ዋንጫ

ከባሌ ከበሪሁን ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ብረት መቀባት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ወደ ደጃፋችን ዞራለች። እሱ መፍቻዎቹን ከሳጥኑ እያወጣ በአሸዋ ይፈትጋል፤ እኔ ጨርቅ ኑግ ዘይት ውስጥ እየነከርሁ እቀባለሁ። ሥራው ያስጠላኝ ነበር። ዝገቱ ጥፍሬ ሥር ገብቶ አይወጣም፤ ሽታው ሊጡ ድረስ ይከተለኛል።

"ዛሬም ወጡ ብስክሌት ብስክሌት ሊል ነው" አልሁት።

"ያንቺ ወጥ መቼ ፍሬን ኖሮት ያውቃል!" አለኝ። በርበሬ ታበዣለሽ ማለቱ ነው። ሳቅን። ብረቶቹን መልሰን፣ ሳጥኑን እኔ በዚህ እሱ በዚያ ይዘን አስገባነው። በማግስቱ ጎኔን ወጋኝ ብሎ ተኛ፤ ከዚያ መደብ አልተነሣም። ሊሞት ሲል የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አትበትኛቸው" አለኝ። ልጅ የለንም፤ ብረቶቹን ማለቱ እንደ ሆነ ገባኝ።

ይህን የምጽፈው ከአስመራ ነው፤ ሰቆጣ ላላችሁት፣ እንደ እኔም ከዋግ ወጥታችሁ በሰው አገር ለምትንከራተቱት። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። መሪጌታ አባቴ "ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል" የሚሉትን ሳይሰማ ዳዊት አስደግሞኛል፤ እጄ ግን ዛሬ ከብዕር ይልቅ ሳሙና ለምዷል።

በሪሁን ወጣት ሳለ ኮረም ላይ ጣሊያኖች ብስክሌት በሚያድሱበት ቤት ውኃ ይቀዳ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ መፍቻው፣ ጉጠቱ፣ ጎማ መንፊያው በየአገሩ ተበተነ። ሰው ምንነቱን አላወቀም። አንዷ የጎማ ሽቦ ሞርዳ ወስፌ አድርጋ ስፌት ትሰፋበታለች። አንዱ ትልቁን መፍቻ መሬት ቸንክሮ በሬ ያስርበታል። አንዲት ጠላ ሻጭ በጎማ መንፊያው እሳት ታናፋበት ነበር። በሪሁን በየገበያው እየዞረ ይህን ይለቅማል። ጽጽቃ ይወጣል፣ አበርገሌ ቆላ ይወርዳል፤ ሰው ፍየል እየነዳ ሲመለስ እሱ የዛገ ብረት በስልቻ ተሸክሞ ይመጣል።

ሰቆጣ ላይ ደግሞ ያን ጊዜ ብስክሌት የለም። "አንተ ሰው፣ በቅሎ ሳይኖርህ ኮርቻ ትሰበስባለህ" እለዋለሁ።

"መንገድ ከመጣ ብስክሌት ይመጣል። ብስክሌት ከመጣ ይበላሻል። ያን ጊዜ ወዴት ሊሄዱ ነው?" ይለኛል።

ከሁሉ የሚወደው አንዲት ባለጠመዝማዛ ከባድ ብረት ነበረች። ያገኛት ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ነው፤ ሐጂ ጨው ሲመዝኑ ከድንጋዩ ጋር ሚዛን ላይ ያስቀምጧታል።

"ሐጂ፣ ይህችን ይሽጡልኝ።"

"ሚዛኔን ሸጬ በምን ልብላ?"

"ሚዛን አይደለችም እኮ፤ የብስክሌት ሽብልቅ ማውጫ ናት። የፔዳሉን ክንድ አጣብቃ የምትይዝ ሽብልቅ አለች፤ መዶሻ ያጣምማታል፣ ይህች ግን ቀስ አድርጋ ትገፋታለች።"

"በል ብስክሌቱን አምጣና አሳየኝ፤ ያን ጊዜ በነጻ ውሰዳት!"

ሱቁ በሙሉ ሳቀ። በሪሁን አልሳቀም። የቀፎአችንን ነጭ ማር እስከ ሰፈፉ ተሸክሞ ሄዶ ብረቷን ለወጠበት። ለጾም ፍቺ ያሰብሁት ማር ነበር። ስንት ቀን እንዳኮረፍሁት እንጃ።

ይህ ሁሉ የቤት ጠብ ነው፤ ያልፍ ነበር። ያላለፈው ሌላ ነው። በሪሁን የተሰበረ ብረት ሲያገኝ አያ ደስታ ዘንድ ይሄዳል። አያ ደስታ የከተማው ቀጥቃጭ ናቸው፤ ቤታቸው ከገበያው ማዶ ለብቻው ነው። በሪሁን እዚያ ሲውል ጠላ ቢሰጡት ይጠጣል፤ ያውም በአንድ ዋንጫ፣ እሳቸው ከጠጡበት። ይህ ታየ፤ ተወራም። "በሪሁን ቀጥቃጭ ሆነ" አሉ። ቡዳ ሆነ፣ ዓይኑ ተለወጠ ያሉም አልጠፉ። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ያዘለች ሴት በደጃፋችን ስታልፍ ነጠላዋን በልጇ ላይ ትጥላለች። አየሁ እኮ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰዎቹ አያ ደስታ በሠሩት ማረሻ አርሰው፣ በሠሩት ማጭድ አጭደው ይበላሉ፤ እሳቸው የጠጡበትን ዋንጫ ግን ይሰብራሉ።

የበሪሁን የአርባ ቀን ተዝካር ደረሰ። ጠላውን ጠመቅሁ፣ ጎረቤት ይረዳኛል ስል ማንም ሳይመጣ ብቻዬን ጋገርሁ። ድንኳኑ ግን ሞላ፤ ተዝካር አይቀርም። የበሪሁን ታላቅ ወንድም አያ ታረቀ ከነቤተሰባቸው ገብተው ተቀመጡ። ጠላ ልቀዳላቸው ጎንበስ ስል ከጋቢያቸው ሥር የራሳቸውን ዋንጫ አወጡ። ሚስታቸውም አወጣች። ዞር ብዬ ባይ የድንኳኑ ግማሽ ሰው ከቤቱ ዋንጫ ይዞ መጥቷል። ለወንድማቸው ነፍስ እየጸለዩ፣ የወንድማቸውን ዋንጫ ግን ተጸየፉት።

አያ ደስታ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። የበሪሁንን የቀንድ ዋንጫ ሞልቼ ይዤ ወጣሁ።

"ተይ ልጄ፣ በቅል ስጪኝ፤ ቅል ይሰበራል" አሉኝ።

"ይጠጡ አያ ደስታ። ይህ የሚሰበር አይደለም" አልኋቸው። ጠጡ። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየን።

በማግስቱ አያ ታረቀ መጡ። መደቡ ላይ አልተቀመጡም፤ ቆመው ነው የተናገሩት።

"እቴ ጥሩ፣ ቤቱም መሬቱም የወንድሜ ነው። አንቺን አላስወጣሽም። ግን ይህ ብረት ስማችንን አጠፋ። ለቀጥቃጩ ስጪውና ማረሻ ያድርገው፤ ቤቱን በጠበል አስረጪ፤ አርፈሽ ተቀመጪ።"

"ብረቱን ካልሰጠሁስ?"

"እንግዲያ ከብረትሽ ጋር ኑሪ፤ ከኛ ጋር አይደለም።"

"ጠበሉን እርስዎ በሚጠጡበት ዋንጫ ላይ ይርጩት" አልሁ። ይህን ካልሁ በኋላ የምቀመጥበት አገር አልነበረኝም።

ጎሕ ሲቀድ ሳጥኑን በተከራየሁት አህያ ጭኜ ወጣሁ። ዋንጫውን በነጠላዬ ጠቅልዬ በብብቴ ያዝሁት። የሸኘኝ ውሻችን ነው፤ ከተማው ጫፍ ድረስ መጥቶ ቆመ። ወደ ኮረም የሚወስደው ዳገት ላይ ሆኜ ሰቆጣን ባየኋት ጊዜ ልብ አድርጉልኝ፣ አላለቀስሁም። ተፍቼ ነው የሄድሁት። ያለቀስሁት ኮረም ደርሼ የአስመራው አውቶቡስ ሲነሣ ነው፤ አስመራ የብስክሌት አገር ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ወታደሩ ሳጥኑን አስወርዶ አስከፈተኝ።

"ምንድን ነው ይህ? የመትረየስ ዕቃ ነው?"

"የብስክሌት መፍቻ ነው ጌታዬ።"

"ብስክሌቱስ?"

"የለም።"

"ባልሽ ነጂ ነው?"

"ነድቶ አያውቅም። ሞቷል።"

ወታደሩ ወደ ጓደኛው ዞረ። "ና እይ፣ ሙሽራ የሌላት ሚዜ!" ተሳሳቁ። እያንዳንዱን ብረት እያነሣ ያሸታል፤ በመጨረሻ ካቻቢቴ ላስቀር አለኝ። "አንዱ ከጎደለ እኔንም አስቀሩኝ" አልሁት። አፍሮ ይሁን ሰልችቶት መለሰው።

አስመራ ስንገባ መንገዱ በብስክሌት ተሞልቷል። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ዳቦ ሻጩ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ጃንጥላ ዘርግተው ይነዳሉ። ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ አየሁ። በሪሁን ይህን ሳያይ መሞቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቤት ያከራዩኝ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ መበለት ናቸው። ሳጥኑን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

"ምን ይዘሽ መጣሽ ጓለይ፣ ልጄ?"

"ብረት።"

"ሰው ካገሩ ማር ይዞ ይመጣል፣ ቅቤ ይዞ ይመጣል። አንቺ ብረት?"

"ማሩን ለብረቱ ሰጠነው።"

"ትቀጠቅጫለሽ እንዴ?"

"አልቀጠቅጥም። ዘይት እቀባለሁ።"

"ለብረት ዘይት! እኔ ለጸብሒ፣ ለወጡ እንኳ አጣሁ!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔስ ግድ የለኝም፤ ግን ለጎረቤት ብረት አለኝ አትበዪ፤ ሌላ ነገር ይመስላቸዋል።" የሸሸሁት ነገር በዚያው አውቶቡስ ሳይሆን አይቀርም የመጣው፤ ከእኔ ቀድሞ ወርዶ ቤት ተከራይቷል።

የአንድ ፓንሲዮን አንሶላ አጥባለሁ። የማላውቀው ወንድ ሁሉ የተኛበትን ማጠብ ምን እንደሚመስል አልጽፍላችሁም። ምሳ ፓስታ ይሰጡናል፤ የመጀመሪያ ቀን ትል መስሎኝ ወጥቼ ደጅ አስመለስሁ። ሱዋቸው ከኛ ጠላ ይቀጥናል። ጉሙ ጠዋት ጠዋት ቤት ድረስ ገብቶ ልብስ ያረጥባል፤ የሰቆጣን ደረቅ ብርድ የሚያስመኝ ብርድ አለ ብሎ ማን ያምናል?

የመጀመሪያ እረፍቴ ቀን ሳጥኑን በጋሪ አስጭኜ አንድ ብስክሌት አዳሽ ዘንድ ሄድሁ። ሰው የሚሠራበት ቦታ አንድ ላይ ላኖራቸው ነበር ሐሳቤ። አዳሹ ጥሩ ሰው ነው፤ ተኽለ ይባላል። አንድ በአንድ አየልኝ። ሽብልቅ ማውጫዋን ሲያነሣ ፊቱ በራ።

"ይህችን ያየኋት ሥራ ስለምድ ነው። አሁን ምን ታደርጋለች? አዲሱ ብስክሌት ሌላ ነው የኔ እናት።"

"አሮጌውስ የት ሄደ?"

"እኛ ስንጥለው ነጋዴ ገዝቶ ወደ ገጠር፣ ወደናንተ አገር ይወስደዋል።"

ይህን ስንነጋገር አንድ ባር ያለው ሰውዬ ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ ይሰማል። ሳጥኑ ውስጥ እጁን ሰደደ። "እነዚህን አራቱን ስጪኝ፤ ባሬ ግድግዳ ላይ ልስቀላቸው፤ የድሮ ነገር ደንበኛ ይስባል። ሌላው ቆሻሻ ነው፤ ጣይው" አለኝ። እጁን ከሳጥኑ ሳያወጣ ክዳኑን ለቀቅሁት። ጮኸ። ተኽለ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውስጥ ገባ። እኔም ሳጥኔን ይዤ ተመለስሁ። ሰቆጣ ላይ ቡዳ ያሉት ብረት፣ አስመራ ላይ የሰካራም ግድግዳ ጌጥ ሊሆን!

እንዲህ እያልሁ ዓመታት ሄዱ። ዘንድሮ፣ ከክረምቱ በኋላ፣ ከሰቆጣ ስልክ ተጠርተሻል ብለው ከስልክ ቤት መጡ። ሰው ሞተ ብዬ እየሮጥሁ ሄድሁ።

"ሃሎ! እቴ ጥሩ! ታረቀ ነኝ!" አያ ታረቀ ናቸው፤ ድምፃቸው አርጅቷል። እግዜር ይመስገን ተባባልን። ላሟ፣ ዝናቡ፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ። ሰው ዝናብ ሊያወራ ስልክ አይደውልም።

"አማቼ አስተማሪ ነው እኮ። ብስክሌት ገዛ። ከናንተ ከአስመራ የመጣ ነው። ሰቆጣ እንዳለ ወጥቶ አየው!"

"ደግ ነው።"

"ተበላሸ። ፔዳሉ ላይ አንዲት ሽብልቅ አለች አሉ፤ እምቢ አለች። ደስታ ቀጥቃጩ ዘንድ ወሰድነው። አልነካም አለን። 'መዶሻ ያጣምማታል፤ የበሪሁን ብረት ናት የምታወጣት' አለ። ያ ብረት... አለ?"

የስልኩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝሁት። በሪሁን ቢኖር በዚያች ሰዓት በእግሩ ይነሣ ነበር። እኔም ልቤ ሳጥኑን ተሸክሞ ዳገቱን መውረድ ጀመረ፤ ደጃፉን አየሁ፣ ፀሐይዋን አየሁ። ወዲያው ደግሞ ጋቢው ሲገለጥና ዋንጫው ሲወጣ አየሁ።

"አለ፤ አንድም አልጎደለም" አልኋቸው። "ይምጡ አያ ታረቀ፣ ሳጥኑን በሙሉ ሰቆጣ ይመልሱት፤ እኔም አብሬ እመጣለሁ። ዋንጫዎትን ግን ቤትዎ ይተዉት። የበሪሁን ዋንጫ እኔ ዘንድ ነው፤ አያ ደስታ የጠጡበት። በእሱ እቀዳልዎታለሁ፤ ጠጥተው እንሄዳለን።"

ስልኩ ውስጥ ነፋስ የመሰለ ነገር ይጮኻል።

"ጨረሳችሁ?" አለች የስልክ ቤቷ ልጅ።

"እኔ ጨርሻለሁ" አልኋት።

አያ ታረቀ እስከ ዛሬ አልመጡም፤ አልመጣም ብለውም አልላኩም። ብስክሌቱ አማቻቸው ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል ይላሉ ከዚያ የሚመጡት።

እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንሶላ አጥባለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሳጥኑን ብቻዬን እየጎተትሁ ወደ ደጅ አወጣና ብረቶቹን በአሸዋ ፈትጌ ዘይት እቀባቸዋለሁ። ከዚያ ዋንጫውን አጥቤ በአፉ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ።