በእኔ ሱቅ የሌለው ዘፈን

ከዝናብ በኋላ በረጠበ አየር የቤንዚን ጭስ ሲሸተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ቆሰበር ከተማ መናኸሪያ አጠገብ በነበረችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ የተቀመጥሁ ይመስለኛል። በቀደም እዚህ ዳንግላ መብራት ጠፋና ጎረቤቴ ጄነሬተሩን ሲያስነሣ ያ ሽታ በመስኮት ገባ። ባለቤቴ መስኮቱን ልትዘጋ ብድግ ስትል «ተይው፣ ትንሽ ይቆይ» አልኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ጭስ የሚወድ ሰው አይታ አታውቅም።

ሱቋ የቆርቆሮ ነበረች። ዝናቡ ጣራዋን ሲደበድብ ስፒከሩ አይሰማም፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ መብራቱ ይሄዳል። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ ሰው ጥቂት ነበር፤ የያዘውም ቢሆን ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሲዞር ይውላል። ስለዚህ ዘፈን ያማረው ሁሉ ሚሞሪውን ከስልኩ ጀርባ ነቅሎ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ ከኮምፒውተሬ እጭንለታለሁ። የጥሊሊ ድንች ነጋዴ፣ የጫግኒ ሹፌር፣ ለገበያ የወጣ ገበሬ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ተማሪ፣ ሁሉም ባንኮኒዬን ተደግፎ «አዲስ የወጣ አለህ?» ይለኛል። ሁልጊዜ አለኝ። አዲስ አልበም በወጣ ማግስት የአውቶቡስ ረዳቶች በፍላሽ ያመጡልኛል። የማን ነው፣ ማንስ ለፋበት ብዬ አልጠየቅሁም። የዘነበ ዝናብ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል?

እህቴ ከእኔ ትበልጣለች፤ «እታለም» ነበር የምላት። በቀን ልብስ ትሰፋለች፣ በሠርግ ወራት ትዘፍናለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሰው ወሬውን ሳያቋርጥ ይሰማታል፤ ከዚያ ሳያስበው ወሬውን ይረሳዋል። አንድ ጊዜ ዳንግላ ሠርግ ላይ የሰሟት አሳታሚ ከባሕር ዳር መጥተው አልበም እናውጣ አሏት። በካሴት ዘመን ስም ያተረፉ ሽማግሌ ነበሩ። ውላቸው አንድ ጥብቅ ነገር ነበረበት፦ ዘፈኑ ገበያ ከመዋሉ በፊት ከእሷ ወገን ከሾለከ አልበሙ ይቀራል፣ ከሌላ ጋርም አትሠራም።

ዋናው ዘፈን ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ አገውኛ ነበር። ባሕር ዳር ቀድታ እንደተመለሰች ቤት ውስጥ ለእናታችን ዘፈነችላት። እናቴ ገጠር ያደገች ናት፤ እኛ የከተማ ልጆች አገውኛችን እንደ ዘመድ ቤት ልብስ ነው፣ የምንለብሰው አልፎ አልፎ። እናቴ እስከ መጨረሻው ስንኝ ጸጥ ብላ ሰማች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ወደቀች።

«ምነው እማዬ?»

«ሙሽሪትን ወንድ አደረግሻት እኮ፣ ልጄ! ለወንድ የሚባለውን ነው ያልሽላት።»

እህቴ ፊቷ ደም መሰለ። በነጋታው በመጀመሪያው ሚኒባስ ባሕር ዳር ተመለሰችና ስንኙን አስተካክላ እንደገና ዘፈነችው። የተሳሳተው ተደምስሷል አሏት። ያለቀለትን በሲዲ ይዛ መጣችና አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። «በትልቁ ስፒከር ስማውና ድምፁ ጥሩ መሆኑን ንገረኝ። ለማንም ግን እንዳትጭን፣ ወንድምዬ። አደራ።» ሰማሁት፤ ጥሩ ነበር። ሲዲውን በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ዝናቡ እንዳባራ መብራቱ ሄደ። ጄነሬተሩን ለማስነሣት ደጅ ወጥቼ ገመዱን እንደያዝሁ፣ ከፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት የእህቴ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ እሷ ራሷ የገባች መሰለኝ። አስተናጋጁ ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ ከቶት ነበር፣ ድምፁ እንዲጎላ። ጭቃውን እየዘለልሁ ሄድሁ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«በብሉቱዝ ላኩልኝ። ከተማው ሁሉ ይዞታል እኮ! አንተ ጋ የለም እንዴ?»

ዞር ስል እህቴ መንገዱ ዳር ቆማለች። ጃንጥላዋ እንደተዘረጋ ነው፣ ዝናቡ ቆሞ እያለ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እታለም፣ እግዜርን፣ አልነካሁትም! ሲዲው ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ቢኖር ምን ያደርግልኛል?» አለች። «አንተ ዘንድ የገባ ዘፈን መቼ ቁጭ ብሎ ያውቃል?»

እውነቷን ነበር፤ ያ ዘፈን ብቻ ነበር ቁጭ ያለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገረችኝም። ጨው እንዳቀብላት እንኳ በእናታችን በኩል ነበር የምትጠይቀኝ። «ጨው ስጠኝ በይው» ስትል እናቴ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታይና ጨዉን ራሷ ተነሥታ ታመጣዋለች። እህቴ ዘፈኑ በሄደችበት ሲከፈት ገና መግቢያውን ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ትወጣለች። እኔም ብሆን በከተማው የሚዞረውን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም፤ ሲጀምር እግሬ ወደ ሌላ ይወስደኛል። ደንበኞቼ ግን አልተዉኝም።

«የእህትህን ጫንልኝ።»

«የለኝም።»

«አንተ ጋ ከሌለ የት ሊኖር ነው?»

እንዲያ ነበር ነገሩ። በቆሰበር የእህቴ ዘፈን የማይገኝበት አንድ ሱቅ ቢኖር የእኔው ሱቅ ነበር፣ ከተማው ሁሉ ግን ከእኔ እንደ ወጣ ያወራል። ለገበያ የሚወጡ ገበሬዎች ደግሞ ዘፈኑን እየሰሙ እርስ በርስ ይሣሣቃሉ። በእኔ የሚሥቁ መስሎኝ አንገቴን እደፋ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አሳታሚው ከፖሊስ ጋር መጡ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ነበሩ። ሱቄን ከላይ እስከ ታች አዩና «ይሄ ነው?» አሉ። ፖሊሱ ኮምፒውተሬን ተሸክሞ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ፣ በመናኸሪያው መሐል አለፍን። ሲዲ የሚሸጠው የማዶው ሙዚቃ ቤት ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ደስ ብሎት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ፊቱ ላይ የነበረው ድካም ነው።

ጣቢያ አደርሁ። የጣቢያው ሲሚንቶ የቆሰበር ብርድ ተጨምሮበት አጥንት ይበላል፤ እኔን የበላኝ ግን ሌላ ነበር። የእህቴን አልሰረቅሁም ብዬ መማል እችላለሁ። «የሌሎቹንስ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ኮምፒውተሬ እስከ አፉ በሰው ዘፈን የተሞላ ነው።

በነጋታው እህቴ ለምስክርነት ተጠርታ መጣች። እናቴ አብራት መጥታ ከደጅ ቀረች። መርማሪው ሳጅን እኔን፣ እህቴንና አሳታሚውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠንና ስልኩን መሐል ላይ አደረገ።

«ከተማው ውስጥ የሚዞረው ይሄ ነው። ከሲዲው ጋር አንድ መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችሁ ታረጋግጣላችሁ።»

«እኔ መስማት አልፈልግም» አለች እህቴ። «መግቢያውን ስሰማ ገና ያመኛል።»

«ግድ ነው፣ እህቴ» አለ ሳጅኑ። «እስከ መጨረሻው።»

ከፈተው። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። አማርኛው አለፈ፤ ክራሩ ብቻውን ትንሽ ሄደ፤ አገውኛው ገባ። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ በር ላይ የቆመው ዘብ ድንገት ሳቀ። አፉን በእጁ ያዘና «ይቅርታ ሳጅን፣ ሙሽሪትን ወንድ አደረጓት እኮ» አለ።

ቀና ስል እህቴ ዓይኗን ገልጣ እኔን እያየች ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ!

«መልሱት» አለች። «እባክዎ ሳጅን፣ ከአገውኛው ላይ መልሱት።»

መለሰው። ያው ነው። ሲዲው ሲከፈት ደግሞ ሙሽሪት ሙሽሪት ናት። እህቴ ብድግ ብላ ወደ አሳታሚው ዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመጀመሪያው ነው! ተደምስሷል ያሉኝ! ይሄ ከእርስዎ ስቱዲዮ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ራሴ የለኝም። ወንድሜ ከየት ያመጣዋል?» ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ወንድሜ አይደለም። ወንድሜ አይደለም» እያለች ታለቅስ ጀመር።

አሳታሚው ስልካቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። በመስኮት ሲንጎራደዱ፣ ሲቆጡ፣ ከዚያ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወሩ ይታዩኝ ነበር። ሲመለሱ የኮታቸው የላይኛው ቁልፍ ተፈትቷል።

«የእኔው ቤት ነው» አሉ። «አቀናባሪው ለጓደኛው ‹ለአንተ ብቻ› ብሎ ልኮለት ኖሯል።»

ክሱን ተዉት። ሳጅን ኮምፒውተሬን ሲመልስልኝ አሳታሚው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «ልጄ፣ ድሮ በበዓል ሰሞን አዲስ ካሴት ስናወጣ ሰው ገና ሳይነጋ ሱቄ በር ላይ ይሰለፍ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የት እንደገባ ስፈልግ ከረምሁ። አንተን ሳይ ያገኘሁት መስሎኝ ነው። ይቅር በለኝ።» እኔም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኋቸው። ያ ሁሉ ሰው የእኔን ባንኮኒ ተደግፎ ነበር።

ከጣቢያው ስወጣ ፀሐይ ወጥታ ከአጥሩ ቀርከሃ ላይ እንፋሎት ይነሣል። ከትከሻዬ የድንች ጆንያ ያወረዱልኝ ያህል ቀለለኝ፤ እግሬ ሁሉ መሬት መርገጡን የረሳ ይመስል ነበር። እናቴ ሁለታችንንም በየተራ አቅፋ ሳመችንና «እኔ ልቅደም» ብላ ሆን ብላ ጥላን ሄደች። እህቴ ትንሽ ሄደችና ቆመች።

«በልተሃል?»

ይሄን ብቻ ነው ያለችኝ። ይቅርታ ብትለኝ ይሄን ያህል ሆዴ አይባባም ነበር።

መናኸሪያው ጀርባ ካለች ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። እንጀራው ሳያልቅ ቀና ብላ «አንተ አለመሆንህን ሳውቅ ዘፈኔ መሰረቁን ረሳሁት፣ ታምናለህ?» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ጣቷን ወደ ኮምፒውተሬ ቀሰረች። «ግን ወንድምዬ፣ እነዚያ የምትጭናቸው ዘፋኞችም እኮ የሆነ ሰው እታለም ናቸው።»

ውኃዬን አንሥቼ ጠጣሁ።

በዚያው ተመልሼ ሰው ሆንሁ፣ ሥራውን እርግፍ አድርጌ ተውሁ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተውሁትም። ቀስ በቀስ ወደ ስልክ ጥገና አዘነበልሁ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ሲሻሻል ሰው ከስልኩ ራሱ ማውረድ ጀመረና ሥራው እሱው ተወኝ። የማዶው ሙዚቃ ቤትም ልብስ መሸጫ ሆነ። የእህቴ አልበም ወጣ፤ ሲዲውን የገዛው ሰው ጥቂት ነበር። ነገር ግን ያ የሾለከው ዘፈን ስሟን ከዳንግላ እስከ ጫግኒ አዳርሶት ስለነበር በሠርግ ወራት እኛ ቤት በር አይዘጋም ነበር። አሁን ጫግኒ ባል አግብታ የልጆች እናት ናት። መዝፈኑን ትታዋለች። ስደውልላት ድምፅዋን የምሰማው ልጆቿን ስትጣራ ነው።

ከዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ቀን አለች። ጥሊሊ ሠርግ ተጠርታ እኔ ስፒከሩን ተሸክሜ አብሬያት ሄጄ ነበር። የሠርጉ ፈረሰኞች ሜዳውን ሲያንቀጠቅጡት ዋሉ፤ እሷም ስትዘፍን ዋለች። አመሻሽ ላይ ሚኒባስ ተሳፍረን ስንመለስ መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ገና ከከተማዋ ሳንወጣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ሹፌሩ ማንን እንደጫነ አያውቅም። መንገዱን ሲይዝ የእሷን ዘፈን ከፈተው፣ ያንኑ የተሳሳተውን፣ ድምፁን እስከ ጥግ ለቅቆ።

እንዳትነቃብኝ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ አንገቴን ብቻ ወደ ፊት ሰገግ አደረግሁ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንሰው። ዘፋኟ ተኝታለች።»

በመስታወቱ አየኝና ቀልድ መስሎት ሳቀ። ግን ቀነሰው።