የወንድሜ ሊብሬ

«ሊብሬውን አምጣ አልኩህ!»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ተቀመጥና ውሃ ጠጣ።»

«ውሃ አዋሽም አለ። ገዢው እዚያ እየጠበቀኝ ነው።»

ታላቅ ወንድሜ ሹፌር ነው። የጭነት መኪናውን ሊብሬ ለሰሌዳ ጉዳይ ሰመራ እኔ ዘንድ ትቶት ነበር። ጉዳዩ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ሆን ብዬ አልላክሁለትም። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ የሚተዳደሩበትን መኪና ሸጦ፣ ብሩን በሙሉ በስልኩ የውጭ አገር አክሲዮን ሊገዛበት ነው። እስካሁን የገዛው ዋጋው በግማሽ ወርዷል።

«ሲወርድ ነው የሚገዛው» አለኝ። «ጋራዥ የሚውለው ሰው ሁሉ እየጨመረ እየገዛ ነው።»

«ሁሉም ተሰልፎ ገደል ቢገባስ?»

«ከፊትህ ያለው ተሳቢ ካለፈ መንገድ አለ ማለት ነው። አንተ መቼ ነድተህ ታውቃለህ፣ ገጣሚው?»

ነድቼ አላውቅም። ግን አንድ ጊዜ ከዱብቲ ስንመለስ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሲሰጥም አብሬው ነበርኩ።

«አሸዋ ሲይዝህ ነዳጅ አትርገጥ፣ ይብስ ትሰጥማለህ ያልከኝ አንተ አይደለህ? መጀመሪያ ጭነት ቀንስ ያልከኝስ?»

ግንባሩን በእጁ ጠረገ። ሲነዳ በመስኮት በኩል ፀሐይ የምታገኘው ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል። ያንን እያየሁ የረታሁት መሰለኝ።

«ይሄን ነገር መጀመሪያ ያሳየኝ ማን ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ ነኝ። በትንሽ ብር የገዛሁት በሳምንቱ ሲጨምርልኝ አላስቻለኝም፤ አዋሽ ድረስ ሄጄ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምሳ ጋበዝኩት። ወደ ላይ የምትወጣዋን አረንጓዴ መስመር እያሳየሁት «በተኛህበት ይሠራልሃል» አልኩት። ጥብሱ እስኪቀዘቅዝ ስልኬን ሲያይ ነበር።

«የአንተስ? እስካሁን ይዘኸዋል አይደል?»

«ሸጬዋለሁ።»

«መቼ?»

«መውረድ እንደጀመረ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

ያን ያህል አውርቼለት፣ ፈርቼ መሸጤን ለመናገር አፍሬ ነበር።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እጁን ዘረጋ። ከግጥም ደብተሮቼ ሥር የደበቅሁትን ሊብሬ አውጥቼ ሰጠሁት። የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተውና ቁልፉን ቆለፈ።

«ጋሼ፣ የብሩን ግማሽ እንኳ አስቀር።»

ፊቱን አዙሮ ወጣ። የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።