ገበሬ ያለው ቡድን

አባቴ ዝናብ ከሳተ በኋላ ስለ ሰማይ ማውራት ተወ።

ካቻምና ኅዳር ላይ ሳጉሬ ያለው ስንዴያችን ደርሶ፣ ኮምባይነሩም ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። አባቴ ወደ ጭላሎ ተራራ አንጋጦ አየና፣ "ገና ሳምንት ሙሉ ደረቅ ነው። እኛ እንቆያለን፤ መጀመሪያ የጎረቤት ይታጨድ" ብሎ ኮምባይነሩን ሸኘው። በሦስተኛው ቀን ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ወረደ፤ ለቀናትም አላቆመም። ስንዴው ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ። ማንም አልወቀሰውም፤ የባሰው እሱ ነው። ወንድሜ አንድ ቃል ሳይናገር እርሻውን ተረከበ። አባቴም ልብሱን በአንድ ሻንጣ ይዞ አሰላ እኔ ቤት መጣ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በደወለ ቁጥር ስለ አየሩ የሚጠይቀው እኔን ሆነ። "እስቲ ስልክሽ ላይ እዪልኝ፤ በዚህ ሳምንት ይዘንባል ይላል?" ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሰማይ ሲያይ የኖረ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ እኔ ስንዴና ገብስ ለመለየት የምቸገረው የፊዚክስ አስተማሪ በስልክ ትንበያ አነባለሁ። አባቴ በዚያን ሰዓት ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። ሌላ ነገር ብጠይቀውም መልሱ አንድ ነው፦ "እኔ ምን አውቃለሁ።" ይህቺን አባባል ጠላኋት።

እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ እኔ የመኪና እሽቅድምድም አለብኝ። ሰው ይስቅብኛል። አርሲ የሯጮች አገር ነው፤ እግር እያለ ጎማ ማን ያያል ይሉኛል። እኔ ግን ክርክር እወዳለሁ፤ እንደ እሽቅድምድም የሚያከራክር ነገር ደግሞ አላገኘሁም። የምናየው አንድ ጎሚስታ ጋ ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ወንበራችን ያረጀ የአይሱዙ ጎማ ነው። ጎሚስታው የሚደግፈው ቢጫውን ቡድን ነው፤ ቢጫው ዓመቱን ሙሉ ከጭራ ተነቅሎ አያውቅም። ዋናው ተከራካሪያችን ፋርማሲስቱ ደግሞ የሰማያዊው ደጋፊ ነው። ሰማያዊው ያላሸነፈው ውድድር በጣት ይቆጠራል። ፋርማሲስቱም መኪናውን ራሱ የነዳው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ነው የሚገባው። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣውን ቡድን ነው የምደግፈው፤ ቁጣዬም ከዚያ ይመጣል።

አንድ እሑድ አባቴን ይዤው ሄድኩ። ቤት ብቻውን ከሚቀመጥ ብዬ ነው። የዚያን ቀን ክርክራችን ስለ ሕጉ ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ የተቀየረው አንዱ ቡድን ብቻ እንዳይገን ተብሎ ነው። የሞተሩም ልክ፣ የወጪውም ጣሪያ ለሁሉም አንድ ሆኗል። ሰማያዊው ግን ያው ማሸነፉን ቀጥሏል።

"ሕጉ ወንፊት ነው፤ ሾልከው ያልፋሉ" አልኩ እኔ።

"ሌቦች ናቸው ወላሂ!" አለ ጎሚስታው።

"ሲያቅታችሁ ሕጉ፣ ሲያቅታችሁ ዳኛው!" አለ ፋርማሲስቱ። ድምፃችን አስፋልት ድረስ ይሰማ ነበር።

"ይሄ እኮ ኩታ ገጠም ነው" አለ አባቴ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። እሱም ራሱ መናገሩ የገረመው መሰለ። ጎሚስታው ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰና፣ "እንዴት አባባ? እስቲ ያስረዱን" አለው።

"ማሳችንን አጋጥመን በኩታ ገጠም አረስን። ዘሩ አንድ፣ ማዳበሪያው አንድ፣ የተዘራበት ቀን አንድ። ድንበሩ እንኳ አይታይም ነበር። ሲታጨድ ግን የአንዱ ምርት የሌላውን እጥፍ ሆነ። ሕግ ዘሩን አንድ ያደርጋል፤ ሰውየውን አንድ አያደርግም።"

"ይኸው! አባባ ከእኔ ጋር ናቸው!" አለ ፋርማሲስቱ እጁን እያጨበጨበ።

"ከማንም ጋር አይደለሁም። ያ እጥፍ ያገኘው ሰውዬ በዓመቱ ኮራና ተኛ። አረሙ በላው።"

ጎሚስታው በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ጎማ የአባባ ጎማ ተባለ፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። አባቴ በየእሑዱ መምጣት ጀመረ። ስለ ሕጉም፣ ዓይንና ናጫ ስለሆኑት ሁለት ሾፌሮችም አስተያየት ይሰጣል። ስለ ሰማይ ግን አንዲት ቃል አይወጣውም፤ እኔም አልጠይቀውም።

ጥቅምት ላይ ሰማያዊው ቡድን ካሸነፈ ዋንጫው የሚረጋገጥበት ቀን ደረሰ። ፋርማሲስቱ በድሉ እርግጠኛ ሆኖ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስጭኖ መጣ። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ቀርቶታል፣ ሰማያዊው ሩቅ ቀድሟል። ደመና ነበር፤ የመኪኖቹ መሐንዲሶች ግን ለሾፌሮቻቸው በሬዲዮ "እስከ መጨረሻው ደረቅ ነው" እያሉ ነበር። እንግሊዝኛውን የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ።

አባቴ ከጎማው ላይ ወደ ፊት ዘመም አለ። "ነፋሱ ዞረ" አለ ቀስ ብሎ።

"ምን አሉ አባባ?" አለ ጎሚስታው።

"እኔ ምን..." ብሎ ጀመረና ተወው። ቴሌቪዥኑን እንደገና አየ። ከዚያ ቁርጥ ያለ ነገር ሲናገር እንደሚያደርገው በኦሮምኛ፣ "ሮብኒ ኒዱፋ" አለ። ዝናብ ይመጣል ማለቱ ነው።

ፋርማሲስቱ ሳቀ። "አባባ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ራዳር አላቸው!"

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቢሳሳትስ ብዬ ነው የፈራሁት። አሁንም ከሳተ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። እናም የማፍርበትን ነገር አደረግሁ፤ ላድነው ብዬ፣ "አባባ፣ ተወው፤ በቴሌቪዥን እኮ አይታወቅም" አልኩት።

"ባንዲራዎቹን እዪ" አለኝ። ድምፁ የጥንቱ ድምፁ ነበር። "ቅድም ወደ ግራ ይውለበለቡ ነበር። ቀጥሎ ቆሙ። አሁን ወደ ቀኝ ዞረዋል። ከኋላ ያለው ደመና ደግሞ ሆዱ ጠቁሯል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ካቻምናም ነፋሱ ዞሮ ነበር። አይቼዋለሁ። ግን ኮምባይነሩን ደረቅ ነው ብዬ ሸኝቻለሁ፤ ሰው ፊት ቃሌን ማጠፍ አፈርኩ። ዓይኔ አልሳተም ልጄ። ያሳተኝ ኩራቴ ነው።"

ወዲያው ጎሚስታው ጮኸ። የሱ ቢጫ መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ጎማ ሊቀይር ገብቷል፤ የሚገጥሙለትም የዝናብ ጎማ ነው። መንገዱ ገና ደረቅ ነው።

"አበዱ! ደረቅ መንገድ ላይ እኮ ይቀልጣል!" ብሎ ራሱን ያዘ።

"አላበዱም" አለ አባቴ። "ይሄ ቡድን ገበሬ አለው።"

አንድ ዙር አለፈ። ቢጫው እየተንፏቀቀ ወደ መጨረሻ ወረደ፤ ፋርማሲስቱ ለስላሳውን መክፈት ጀመረ። ከዚያ የካሜራው መስታወት ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች። ሌላ ጨመረች። ወዲያው ሰማዩ ተቀደደ። ሰማያዊው ተንሸራቶ ሣሩ ውስጥ ገባ፤ ሌሎቹም ወደ ጎማ መቀየሪያው ተሽቀዳድመው ወረፋ ተጠባበቁ። ቢጫው ብቻ ውሃውን እየሰነጠቀ፣ አንዱን አልፎ፣ ሌላውን አልፎ፣ አንደኛ ገባ። አንደኛ!

ጎሚስታው እንባ በእንባ ሆነ። አባቴን ከነጋቢው ብድግ አድርጎ አዞረው፤ "አላሁ አክበር! ራዳራችን! ራዳራችን!" እያለ። ጫጫታውን ሰምተው የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። እኔም እጮህ ነበር፤ ስለ የትኛውም ቡድን አልነበረም። ፋርማሲስቱን፣ "በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ብዬ አበሸቅሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለአባቴ በሁለት እጁ ሰጠውና፣ "ለዋንጫው ያመጣሁት ለእርስዎ ሆነ" አለው።

ኅዳር ገባ። አንድ ጠዋት ወንድሜ ደወለ። ኮምባይነሩ ሳጉሬ ደርሷል፣ ጎረቤት እኛ እንቅደም ብሏል፣ እሱም ቸግሮታል። "ስልክሽ ላይ እዪልኝ እስቲ፤ አንድ ሳምንት መቆየት እንችላለን?"

አባቴ እንደ ልማዱ ሊወጣ ተነሳ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "አባባን ጠይቀው።"

ስልኩን ሰጠሁት። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ፣ "አባባ፣ ምን ይታይሃል?" ሲል ተሰማኝ።

አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጓሮ ወጣ። ጭላሎን አየ፣ የጎረቤታችንን የባሕር ዛፍ ጫፍ አየ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ አነሳ። "ዛሬ አሳጭደው" አለ። "ለጎረቤትም ንገራቸው፤ አትርፈዱ በላቸው። ተሳስቼ ከሆነ ደግሞ ማታ ራሴ ደውዬ ተሳስቻለሁ እላለሁ።"

ማታ አልደወለም። በማግስቱም አልደወለም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የደወለው ወንድሜ ነው፤ ሰላም እንኳ ሳይል ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አሰማን። ስንዴያችን ሁሉ በጆንያ ተሞልቶ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ነበር።