ሳልከፍተው «አይቻለሁ» ያልሁት ፋይል

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ከቆላዋ ገለጉ ከተማ በሚወጣው መንገድ ሥር ለሚቀበረው የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ፣ የጎርፉን ስሌት በኮምፒውተር የሠራሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲበረታ ውኃው ከመንገዱ ዳር የት የት እንደሚተኛ ፕሮግራሙ ቦታ በቦታ አውጥቶት ነበር። ውጤቱን ሳስቀምጥ ባልደረባዬ ሰናይት፣ «በማንኛውም ፕሮግራም በሚከፈት ዓይነት አስቀምጠው፤ የኪራይ ሶፍትዌር አይታመንም» አለችኝ። እንደዚያ ከሆነ ግን ፋይሉ ይገዝፋል፣ ኮምፒውተሩም ያስጠብቃል። ሙቀቱ አናቴን አዙሮታል፤ የጎንደር መኪናም ሊነሣ ነው። ያው ፕሮግራም ብቻ በሚያነበው ዓይነት አስቀመጥሁና ወጣሁ። ያ ስንፍናዬ ነበር፤ በደሉ ገና ነው።

ቱቦው ተቀብሮ ሰሊጥ ሲታጨድ ሥራውን ለማየት ተመልሼ ሄድሁ። አባባ መልኬ ማሳቸው ከመንገዱ አጠገብ የሆነ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ሰሊጥ ልጃቸውን ሊድሩ አስበዋል። ነዶው ቆሞ የሚደርቅበትን ሂላ መንገዱ ዳር ሊያደርጉት ፈለጉ፤ ዋልካው አፈር ሲጨቀይ መኪና ወደ ውስጥ አይገባማ።

«ልጄ፣ የውኃውን መሄጃ በማሽን አይተኸዋል አሉ። ዝናብ ቢመለስ እዚህ ይደርሳል ወይ?» አሉኝ።

ፋይሉን ልከፍት ሞከርሁ። የሶፍትዌሩ ኪራይ አልቋል፤ አልከፈት አለ። ያኔ «አላውቅም» ብል ምን ነበረበት? መሐንዲስ ተብዬ የገዛ ሥራዬን መክፈት አቃተኝ ልበል? አፈርሁ። «አይቻለሁ አባባ፣ አይደርስም፤ ያቁሙት» አልኋቸው። ያን ቦታ ለይቼ አላየሁም ነበር። ዋሸሁ።

ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ተመለሰ። ውኃው ከቱቦው አፍ ወደ ኋላ ተኝቶ ሂላውን ጠራርጎ ወሰደው። ሠርጉም ቀረ። ስደርስ አባባ መልኬ የተረፈውን ነዶ ከጭቃ እየጎተቱ ነበር። «ምን ይደረጋል፣ የፈጣሪ ዝናብ ነው። አንተማ የሚቻልህን አይተህ ነግረኸኛል» ብለው አጽናኑኝ። እኔን አጽናኑኝ። ጥፋቴን ፈጣሪ ላይ ሲጭኑ ቆሜ ሰማሁ፣ ዝም አልሁ። ከዚህ የባሰ ውሸት አለ?

ኪራዩ ሲታደስ ፋይሉን ከፈትሁት። ሂላው የቆመበት ቦታ ውኃ ለብሶ ይታያል።

ሙቀቱም ኪራዩም አልዋሹም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ሰሊጡ የእናንተ አልነበረም። አባባ መልኬ ዛሬም ስንገናኝ ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ።